ብልጭ ድርግም የሚለው ሪንግ ላይት፦ ስለ ቮልቴጅ ማሳደጊያ ከጎንደር የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎንደርና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። የሚጠይቁትም ስለ አንዲት ትንሽ ቦርድ ነው፤ የባትሪን 3.7 ቮልት ወደ 5፣ 9 ወይም 12 ቮልት ከፍ ስለምታደርገው ቡስት ኮንቨርተር (ከዚህ በታች «ማሳደጊያ» የምንላት)። ከስልክ ጋር ለምንጠቀምባቸው ዕቃዎች ጠቃሚ ናት፤ ነገር ግን ከመበየድ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ትፈልጋለች።

ጥያቄ፦ ሠርግና የከተራን ምሽት በስልኬ እቀርጻለሁ። ሪንግ ላይቴ (ክቡ የቀረጻ መብራት) ላይ 5 ቮልት 2 አምፒር ተብሎ ተጽፏል። ሶኬት በሌለበት ቦታ እንዲሠራልኝ ከአሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ የወጣ አንድ 18650 ሴል (ዘንግ የመሰለ የሊቲየም ባትሪ)፣ ቲፒ4056 ቻርጅ ማድረጊያና ኤምቲ3608 ማሳደጊያ ገጣጥሜ 5 ቮልት ላይ አስተካከልኩት። መጀመሪያ ጥሩ ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል፤ ቦርዱም እጅ ያቃጥላል። ሞጁሉ ፎርጅድ ይሆን? (ከአራዳ)

መልስ፦ ሞጁሉን አይውቀሱት፤ ያልገጠመው ሒሳቡ ነው። ማሳደጊያ ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ አዲስ ኃይል አይፈጥርም፤ የጨመረውን ቮልት በአምፒር ከባትሪው ላይ ያስከፍላል። መብራትዎ በ5 ቮልት 2 አምፒር ሲስብ 10 ዋት ይበላል። ቦርዱ ከሚወስደው ውስጥ 85 በመቶውን ቢያስተላልፍ እንኳ ከባትሪው 11.8 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ይህ በ3.7 ቮልት 3.2 አምፒር ነው። ባትሪው ወደ 3.3 ቮልት ሲወርድ ደግሞ 3.6 አምፒር ይሆናል። ባትሪው በደከመ ቁጥር የሚጠየቀው ይጨምራል ማለት ነው።

ሻጮች ኤምቲ3608ን «2 አምፒር ይችላል» ይላሉ። ቁጥሩ ግን የሚመለከተው ከባትሪው የሚገባውን እንጂ ወደ መብራቱ የሚወጣውን አይደለም። ከአንድ የሊቲየም ሴል ተነስቶ በ5 ቮልት ሳይቃጠል ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው 1 አምፒር አካባቢ ነው። በዚህ ላይ የቲፒ4056 ቦርዱ መከላከያ ያለው ከሆነ 3 አምፒር አካባቢ ሲደርስ ይቆርጣል። ያረጀ ሴል ደግሞ የራሱ የውስጥ ተቃውሞ አለው፤ 0.15 ኦም ቢሆን በ3 አምፒር 0.45 ቮልት እዚያው ሴሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቮልቱ ይወድቃል፣ ቦርዱ ይቆማል፤ ጭነቱ ሲቀር ባትሪው ያገግማል፣ ቦርዱም እንደገና ይነሳል። ብልጭ ድርግም ሲል የሚያዩት ይህንን ነው።

መብራቱን በሙሉ ድምቀት ማሠራት ግድ ከሆነ ማሳደጊያውን ይተዉት። ሁለት ሴል በተከታታይ አስረው 7.4 ቮልት ያድርጉና ባለ 3 አምፒር ማሳነሻ (ቮልት የሚቀንስ) ቦርድ ይጠቀሙ፤ ለዚያው 10 ዋት ከባትሪው የሚወጣው 1.5 አምፒር ብቻ ይሆናል። ለዚህ የሁለት ሴል መከላከያ ቦርድና የ8.4 ቮልት ቻርጀር ያስፈልጋል፤ ቲፒ4056 ለአንድ ሴል ቮልት ብቻ ስለተሠራ እዚህ አይገባም።

ለስልክ ቀረጻ ግን ፊት ላይ የሚወርደው ብርሃን ቅርብ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ግማሽ ድምቀት ይበቃል። ማደብዘዣውን ዝቅ አድርገው መብራቱ 1 አምፒር ብቻ ሲስብ ያቁሙት። ያኔ ከባትሪው የሚወጣው 1.6 አምፒር ይሆናል፤ ሁለት ሴል ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) ካሰሩ እያንዳንዱ 0.8 አምፒር ይሸከማል፤ ያለዎት ቦርድም ይችለዋል። ሁለቱ ሴሎች እያንዳንዳቸው 2600 ሚሊአምፒር ሰዓት ከሆኑ በወረቀት ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሠራሉ። ከላፕቶፕ የወጡ ስለሆኑ ግን ሁለት ሰዓት ብለው ይያዙ።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንየው። መጀመሪያ ሴሎቹን ይለዩ። ከላፕቶፑ ሲወጣ ከ2 ቮልት በታች የሚያሳይ ሴል ቻርጅ ለማድረግ አይሞከርም፤ ይጣላል። የተረፉትን እስከ 4.2 ቮልት ሞልተው ሳምንት ያስቀምጡ፤ ከ4 ቮልት በታች የወረደው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲሞላ የሚሞቅ ሴልም እንዲሁ። ሁለት ሴል ጎን ለጎን ከማሰርዎ በፊት በመካከላቸው ያለው የቮልት ልዩነት ከ0.05 ቮልት እንዳይበልጥ ያረጋግጡ፤ አንዱ 4.2 ሌላው 3.5 ከሆነ ሲነካኩ ከባድ ከረንት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሮጣል። ካውያ ቀጥታ ሴሉ ላይ ማሳረፍም አንመክርም። ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳዋል፤ የሴል ማቀፊያ ይግዙ፣ ወይም ከላፕቶፑ ባትሪ ሲያወጧቸው የኒኬል ልሳኖቹን ሳይነቅሉ ትተው በልሳኑ ጫፍ ላይ ይበይዱ።

ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ወደ ማሳደጊያው በሚሄደው ሽቦ ላይ በመጀመሪያ ባለ 3 አምፒር ፊውዝ፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያ ይግባ። ሁለቱም በባትሪው በኩል እንጂ በመብራቱ በኩል አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። በዚህ ዓይነት ማሳደጊያ ውስጥ ከመግቢያ ወደ መውጫ በኢንዳክተሩ (በሽቦ ጥቅሉ) እና ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ በኩል ምንጊዜም ክፍት መንገድ አለ፤ ቺፑ ቢጠፋም የባትሪው ቮልት በዳዮዱ የሚቀረው ተቀንሶ መውጫው ላይ ይገኛል። ስለዚህ መውጫው ሾርት ቢያደርግ ቺፑ ሊያስቆመው አይችልም፤ የሚያስቆመው ፊውዙና የቲፒ4056 መከላከያ ብቻ ነው።

አሁን ቮልቱን ማስተካከል። መብራቱን አያገናኙ። ቴስተሩን 20 ቮልት ላይ አድርገው መውጫው ላይ ይሰኩና የነሐስ ቀለም ያላትን ትንሽ ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ያዙሩ። የመጀመሪያዎቹ ብዙ ዙሮች ምንም ለውጥ ላያሳዩ ይችላሉ፤ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፣ ቁጥሩ መንቀሳቀስ እስኪጀምር በትዕግሥት ይቀጥሉ። ቦርዱ ከፋብሪካ ሲመጣ ብሎኑ የት ላይ እንደቆመ አይታወቅም፤ እስከ 28 ቮልት ሊያወጣ ስለሚችል ሳይለኩ ምንም ነገር አይሰኩበት። 5.1 ቮልት ላይ ያቁሙት። የዩኤስቢ ዕቃ ከ4.75 እስከ 5.25 ይቀበላል፤ 5.1 ለገመዱ ትንሽ መጠባበቂያ ይሰጣል። ከዚያ ብሎኗን በጥፍር ቀለም ጠብታ ያጽኗት።

በየቦታው ይዘውት ለሚዞሩት ዕቃ ግን ብሎኗን ከነሙሉ ማስተካከያዋ ከቦርዱ ነቅሎ ማንሳት ይሻላል። በንቅናቄ ብዛት የውስጧ ንክኪ ከተቋረጠ ቺፑ ቮልቱ ዜሮ የሆነ ይመስለውና ሙሉ ኃይሉን ይለቃል። ከዚያ በኋላ መብራቱን መሰናበት ነው። በአብዛኞቹ ኤምቲ3608 ቦርዶች ከብሎኗ ጋር የምትሠራው ትንሽ ሬዚስተር 2.2 ኪሎ ኦም ናት፤ ቺፑ መውጫውን የሚያነጻጽርበት ቮልት 0.6 ነው። በብሎኗ ቦታ 15 ኪሎ ኦምና 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ቢበይዱ መውጫው 5.1 ቮልት ላይ ይጸናል። ቦርድዎ ላይ ያለችውን ሬዚስተር ግን ቀድመው ይለኩ፤ የተለየች ከሆነች ሒሳቡም ይለያል።

የቀረው ገመዱ ነው። በርካሽ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ ያለው ባለ 28 ቁጥር ቀጭን ሽቦ አንዱ ሜትር 0.21 ኦም ነው። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ 0.42 ይሆናል፤ በ1 አምፒር 0.4 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል፤ 5.1 የነበረው መብራቱ ጋ ሲደርስ 4.7 ሆኗል። ባለ 22 ቁጥር ሽቦ በዚያው ርዝመት የሚያስቀረው 0.1 ቮልት ብቻ ነው። ያለዎት ቀጭን ከሆነ ያሳጥሩት። ቦርዱን በናስትሮ ጠቅልለው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ አያፍኑት፤ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳስ ያለ ነው፣ ሙቀትም እንደ ቆላው አየር አይወስድም። ሳጥኑን ከላይና ከታች ይብሱት።

አንድ ማሳሰቢያ ስለ ቻርጅ። ቲፒ4056 መሙላት የሚያቆመው ከረንቱ ወደ 0.1 አምፒር ሲወርድ ነው። መብራቱ እየበራ ቻርጅ ካደረጉ ከረንቱ እዚያ አይደርስም፤ ባትሪው መሙላቱም አይታወቅም። ቻርጅ ሲያደርጉ ማብሪያ ማጥፊያው ይጥፋ። በ1 አምፒር ሁለቱን ሴሎች ለመሙላት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ከባጃጁ ባትሪ ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ ይህንኑ ማሳደጊያ 5 ቮልት ላይ አስተካክሎ መጠቀም ይቻላል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ በፍጹም። ማሳደጊያ ከመግቢያው በታች መውረድ አይችልም። ከላይ የተናገርነው ክፍት መንገድ የባጃጁን 12 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ14 በላይ የሚደርሰውን፣ ቀጥታ ስልኩ ላይ ያወርደዋል። የሚያስፈልግዎ ማሳነሻ ነው፤ ለመኪና ሲጋራ ማቀጣጠያ ተብሎ የሚሸጠው የዩኤስቢ ቻርጀር ውስጡ ያለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ግቢ ውጭ ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነን። መብራት ሲጠፋ ዋይፋይም አብሮ ይጠፋል። ራውተሩ 12 ቮልት 1 አምፒር ይላል። ከፓወር ባንክ በማሳደጊያ 12 ቮልት አውጥተን ሞከርን፤ ይሠራል፤ ግን መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር ራውተሩ እንደገና ይነሳል። ትልቅ ካፓሲተር ብንጨምርበት ይስተካከላል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ካፓሲተር ኃይልን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዕቃ ቢሆንም እዚህ አያዋጣችሁም። ብዙ ፓወር ባንኮች ቻርጀር ሲሰካባቸው ወይም ሲነቀል መውጫቸውን ለቅጽበት ይዘጋሉ። ያ ቅጽበት አንድ ሰከንድ ቢሆንና ራውተሩ 6 ዋት ቢበላ፣ ቮልቱ ከ12 ወደ 10 ብቻ እንዲወርድ ለማድረግ 270,000 ማይክሮፋራድ ገደማ ያስፈልጋል። በገበያ የምታገኙት 4,700 ማይክሮፋራድ የሚያቆየው አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

መፍትሔው ሁለት ምንጭ በአንድ ጊዜ ማገናኘት ነው። የራውተሩ አዳፕተር በአንድ ሾትኪ ዳዮድ (1ኤን5822 ይበቃል)፣ ማሳደጊያው በሌላ ተመሳሳይ ዳዮድ አልፈው ራውተሩ መግቢያ ላይ ይገናኙ፤ የዳዮዶቹ ነጭ መስመር ያለበት ጎን ወደ ራውተሩ ይሁን። ኔጋቲቮቹ ሁሉ አንድ ላይ ይታሰራሉ። ማሳደጊያውን 11.5 ቮልት ላይ አድርጉት። መብራት ሲኖር ከፍ ያለ ቮልት ያለው አዳፕተሩ ራውተሩን ይመግባል፣ ማሳደጊያው ሥራ ፈቶ ይቆያል፤ መብራት በጠፋች ቅጽበት ማሳደጊያው ያለ ክፍተት ይረከባል። አዳፕተሩን ቀድማችሁ ለኩት። ጭነት ላይ ሆኖ ከ11.8 በታች የሚያሳይ ከሆነ የማሳደጊያውንም በዚያው ልክ ዝቅ ማድረግ አለባችሁ፤ አለዚያ መብራት እያለ ባትሪውን ትጨርሳላችሁ።

እዚህ ላይ ግን ፓወር ባንክ አይሆንም። ማሳደጊያው ሥራ ሲፈታ የሚስበው ከረንት በጣም ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ ምንም ያልተሰካበት መስሎት ራሱን ያጠፋል፤ መብራት ስትጠፋም ተኝቶ ይገኛል። በቦታው ጎን ለጎን የታሰሩ ሁለት 18650 ሴሎችና መከላከያ ያለው ቲፒ4056 ተጠቀሙ። የሥራ ፈቱ ማሳደጊያ ፍጆታ ከ0.1 አምፒር በጣም ያነሰ ስለሆነ ቻርጁ በወጉ ይቆማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ራውተሩ በእውነት ስንት እንደሚበላ ለኩ። የተጻፈው 1 አምፒር የአዳፕተሩ አቅም ነው፤ ራውተሩ ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሹ ያነሰ ይበቃዋል። ቴስተሩን 10 አምፒር ቀዳዳ ላይ አድርጋችሁ በፖዘቲቩ መስመር መካከል አስገቡት። 0.4 አምፒር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ኤምቲ3608 ይችላል፤ 4.8 ዋት ማለት ነው፣ ከ3.7 ወደ 12 የሚደረገው ዝላይ ሰፊ ስለሆነ ብክነቱን 20 በመቶ ብንይዝ ከባትሪው 1.6 አምፒር ይወጣል። ከ0.4 በላይ ከሆነ በእጅ መሥራቱን ትታችሁ ለራውተር የተሠራውን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባለ ባትሪ ዕቃ) ተጋርታችሁ ግዙ። ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ትንሽ ስፒከርና የገመድ አልባ ማይክ መቀበያ ከማሳደጊያ 5 ቮልት እየሰጠሁ ከስልኬ ጋር አገናኘሁ። ስፒከሩ ያፏጫል፤ ስልኩን ከዚያው ምንጭ ቻርጅ ሳደርግ ደግሞ ይብሳል። አጠገቡ ያለው የአባቴ ሬዲዮም መካከለኛ ሞገድ መያዝ አቆመ። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የሬዲዮው ቀላል ነው፤ ኤምቲ3608 በሴኮንድ 1.2 ሚሊዮን ጊዜ ያበራል ያጠፋል። 1,200 ኪሎኸርዝ ማለት ነው፤ መካከለኛ ሞገድ ደግሞ ከ531 እስከ 1,602 ኪሎኸርዝ ነው። ቦርዱ በሬዲዮው ቤት ውስጥ ቆሞ ያሰራጫል ማለት ይቻላል። ሽቦዎቹን አሳጥሩ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን እንደ ገመድ አጠማዝዟቸው፣ ከሬዲዮው ሁለት ሜትር ያህል አርቁት። ኤፍኤም ላይ ብዙም አይሰማም።

የስፒከሩ ፉጨት ሌላ ነው። ጆሮ 1.2 ሜጋኸርዝ አይሰማም፤ ነገር ግን ጭነቱ ትንሽ ሲሆን አንዳንድ ማሳደጊያዎች ሳያቋርጡ ከመሥራት ይልቅ ትንሽ ሠርተው ትንሽ ያርፋሉ፤ ያ ዑደት ጆሮ በሚሰማው ክልል ይወድቃል። መለያ ሙከራ፦ ስልኩን ከቻርጁ ይንቀሉት፣ የድምፅ ገመዱን ግን ይተዉት። ፉጨቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኔጋቲቩ ዑደት ነው። ስልኩና ስፒከሩ በኔጋቲቭ ሁለት ጊዜ ተገናኝተዋል፤ አንዴ በቻርጅ ገመዱ፣ አንዴ በድምፅ ገመዱ። የቻርጅ ከረንቱ በከፊል በድምፅ ገመዱ በኩል ይመለሳል፣ ስፒከሩም ያንን እንደ ድምፅ ያጎላዋል። ይህንን ማጣሪያ አይፈውሰውም፤ ለስፒከሩ የራሱን ባትሪና የራሱን ማሳደጊያ ይስጡት፣ ወይም በድምፅ ገመዱ መካከል ትራንስፎርመር ያለበት የድምፅ መለያያ ያስገቡ።

ስልኩ ተነቅሎም የሚያፏጭ ከሆነ ማጣሪያው ይሠራል። ከማሳደጊያው መውጫ አጠገብ 22 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር፣ ከዚያ በፖዘቲቩ መስመር 10 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር፣ ከኢንዳክተሩ በኋላ 470 ማይክሮፋራድ ባለ 16 ቮልት ካፓሲተር ይግባ። ኢንዳክተሩ ቢያንስ 2 አምፒር የሚችል ይሁን፤ ሬዚስተር የምትመስለዋ ቀጭኗ ዓይነት ትሞቃለች፣ ቮልትም ታስቀራለች። ይህ ማጣሪያ ከ2.3 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ያዳክማል፤ ከዚያ በታች ላለ ጉርምርምታ ብዙም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ገጠር ላሉ ወላጆቼ ቻርጅ የሚደረግ የእጅ ፋኖስ ገዝቼላቸዋለሁ፤ ውስጡ 4 ቮልት 4 አምፒር ሰዓት የሊድ ባትሪ አለው። ስልክ ቻርጅ እንዲያደርግ 5 ቮልት ማሳደጊያ ብጨምርበት ባትሪው ይጎዳል? (ከቅዳሜ ገበያ)

መልስ፦ ማሳደጊያው ባትሪውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው አለማቆሙ ነው። ኤምቲ3608 መግቢያው እስከ 2 ቮልት እስኪወርድ መሳቡን አይተውም፤ ይህ የሊድ ባትሪ ግን ከ3.5 ቮልት በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ይበላሻል። ቀላሉ መላ ትንሽ የቮልት ማሳያ ጎኑ ላይ መለጠፍና 3.6 ሲል እንዲነቅሉ ለቤተሰቡ መናገር ነው። በወረቀት 16 ዋት ሰዓት ቢሆንም በፍጥነት ሲሳብ ሁሉንም አይሰጥም፤ በማሳደጊያው ብክነትም ይቀነሳል። ትንሽ ባትሪ ያለውን የቁልፍ ስልክ ደጋግሞ ይሞላል፤ ትልቁን ስማርት ስልክ ግን አንድ ጊዜም ሙሉ አያደርሰውም። ቻርጅ የሚደረገው ከፋኖሱ ጋር በመጣው ብቻ ነው፤ ቲፒ4056 4.2 ቮልት ላይ ስለሚያቆም የሊድ ባትሪን በጎዶሎ ይተወዋል።

ስልኩ ቻርጅ ቢያደርግም በጣም የሚዘገይ ከሆነ የዩኤስቢ ቀዳዳውን ይመልከቱ። መካከለኛዎቹ ሁለት የዳታ እግሮች ባዶ ከተተዉ ስልኩ ምንጩን አያምነውም፣ ጥቂት ብቻ ይስባል። ሁለቱን እርስ በርስ በጠብታ ሊድ ቢያገናኟቸው ብዙ አንድሮይድ ስልኮች እንደ ግድግዳ ቻርጀር ይቆጥሩታል። ያኔ ግን 1 አምፒርና ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ለዚህች ባትሪ ሆን ብሎ ባዶ መተዉም መጥፎ ምርጫ አይደለም።

ጥያቄ፦ በኦቲጂ ሃብ (ስልክ ላይ የዩኤስቢ ዕቃዎችን በሚያሰካ ማብዣ) ሃርድ ዲስክ ከስልኬ ጋር አገናኝቼ ቪዲዮ መገልበጥ እፈልጋለሁ። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይነሳም። በሃብ ላይ ከማሳደጊያ 5 ቮልት ብጨምርበት ስልኩ ይቃጠላል? (ከአራዳ)

መልስ፦ ትንሹ ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ሲነሳ ወደ 1 አምፒር ሊጠጋ ይችላል፤ ስልኩ ያንን አይሰጥም፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው ለዚህ ነው። የራሱ የኃይል ቀዳዳ ያለው ሃብ ይግዙና 5.1 ቮልት በዚያ በኩል ይስጡት። ከስልኩ ጋር ከማገናኘትዎ በፊት ግን ሃቡን ከማሳደጊያው ጋር ብቻ ሰክተው ወደ ስልኩ የሚሄደውን ገመድ ቀይ መስመር በቴስተር ይለኩ። 5 ቮልት ካሳየ ሃቡ ወደ ኋላ ይገፋል ማለት ነው፤ ስልኩም በዚያው መስመር የራሱን 5 ቮልት ሊያወጣ ስለሚሞክር ሁለቱ ይጋጫሉ። እንዲህ ያለውን ሃብ ይመልሱት። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ካሳየ መጀመሪያ ሃቡን አብሩ፣ ዲስኩ መዞሩን ያዳምጡ፣ ከዚያ ስልኩን ይሰኩ።